አይተን እንድንመለስ

ሥራዬ መጋረጃ መሸጥ ነው። ወልቂጤ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ሲሉ፣ ባጃጆች ተሰልፈው ከሚቆሙበት ፊት ለፊት አንዲት ሱቅ አለችኝ። መጋረጃ ምን ይሠራል ብትሉኝ የጎረቤት ዓይን ይከለክላል እላችኋለሁ፤ ደንበኛም የሚገዛው ለዚሁ ነው። እንግዲህ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው እንዳያይ ሳደርግ ኖሬ፣ ባለፈው ክረምት አንዲት ሥዕል ለማየት ብዬ ቢሮ ለቢሮ ስንከራተት ጊዜ የእጄን ነው ያገኘሁት አልኩ። ሥዕል ማየት ምን ያንከራትታል ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ሥዕል ለማየት ዓይንና ግድግዳ ይበቃል ብዬ የማምን የዋህ ነበርኩ።

ነገሩ የተጀመረው እናቴ ለዓይኗ ሕክምና ከቡታጅራ እኔ ዘንድ ስትመጣ ነው። እናቴ ዘይነባ በርበሬ ነጋዴ ነበረች። እንሴኖ ገበያ ላይ አንዲት ዛላ በርበሬ አንስታ ወደ ፀሐይ ትይዝና የማን ማሳ እንዳበቀላት ትናገር ነበር። አሁን ያችኑ ዛላ ለማየት አፍንጫዋ ሥር ማምጣት አለባት። ታመጣና ታስነጥሳለች፤ ካስነጠሰች በኋላ "አልሃምዱሊላህ፣ ቀዩ ግን ይታየኛል" ትላለች። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለን። አንደኛው ዓይን አልቋል፣ ሁለተኛውም ከኋላው እየተከተለው ነው፤ የጠፋው አይመለስም፣ ማየት የምትፈልገው ነገር ካለ ግን ሳትቆይ ትይ አለኝ።

ከክሊኒኩ ወጥተን ባጃጅ ውስጥ እንደገባን "እሺ እማ፣ ምን ማየት ትፈልጊያለሽ?" አልኳት። መካን ብትለኝ ከየት አባቴ አመጣለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ እስኪወጣ ጠበቀችና "የከማልን ሥዕል" አለችኝ።

መካን ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ከማል ታናሽ ወንድሜ ነው። ነበር ማለቴ ነው፤ ይቺ "ነበር" የምትባል ቃል እስካሁን ዘግይታ ነው የምትመጣልኝ። ሠዓሊ ነበር። በርበሬ ነጋዴ ቤት ሠዓሊ ሲወለድ እንደ ትኩሳት "ይለቀዋል" ይባላል። አልለቀቀውም። እናታችን ስንት ተለምና እንዲማር ስትፈቅድለት አንዲት ቃል አስገብታው ነበር። "ዛፍ ሳል፣ ተራራ ሳል፣ የፈለግኸውን ሳል። የኔን ፊት ግን ለሰው ግድግዳ እንዳትሰጥብኝ" አለችው። ሃይማኖቱም አለበት፣ ሐፍረቱም አለበት። ሐፍረቱ የወርቅ ጥርሷ ነው። በወጣትነቷ አስተክላው ወዲያው የተጸጸተችበት ጥርስ ነው፤ እስከ ዛሬ ስትስቅ በሻሿ ጫፍ ትሸፍነዋለች።

ከስድስት ዓመት በፊት ከማል አንድ ሥዕል ተሸክሞ ሱቄ መጣ። እዚህ ከተማ ውስጥ ያለ አንድ ሙዚየም ሊያሳይለት በስጦታ ተቀብሎት ነበር። "እማን ነው የሳልኳት። ና እስቲ እይልኝ" አለኝ። እኔ ደግሞ በዚያች ሰዓት አንዲት ደንበኛ በመጋረጃ ዘርፍ ቀለም ይዛኛለች፤ ወርቃማ ነው ስላት ቢጫ ነው፣ ቢጫ ነው ስላት ወርቃማ ነው ትለኛለች። "ቆይ መጣሁ" አልኩት። መጠቅለያ ጨርቅ ሲጠይቀኝ ከተረፈ አረንጓዴ መጋረጃ ቀድጄ ወረወርኩለት። ጠበቀኝ፣ ጠበቀኝና ጠቅልሎ ሄደ። ሴትዮዋም ሳትገዛ ሄደች።

ወዲያው እናቴ ሥዕል ሙዚየም ሊያስገባ መሆኑን ሰምታ ደወለች። "ምን ሳለ አንተ?" አለችኝ። እንግዲህ እኔ ቀልደኛ ነኝ። ሱቄን ያቆመው ቀልዴ ነው፤ ቤታችንን ያቀዘቀዘውም እሱው ነው። "አንቺን ነዋ፣ ከነወርቅ ጥርስሽ" አልኳት። ያላየሁትን ሥዕል ጥርሱን ቆጠርኩላት። ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ ስልኩ ተዘጋ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚሉት ይሄኔ ነው። እናቴ ለከማል ደውላ "ፊቴን ለሰው ሰጠህብኝ" አለችው። ከማልም ኩሩ ነበር። አልሳልኩትም ብሎ ቢምል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ እሱ ግን "እማ፣ መጥተሽ እዪው" ብቻ አላት። አልሄደችም። እኔም ሱቅ ነበረብኝ። ቤተሰቡ በሙሉ ማንም ባላየው ሥዕል ተኳረፈ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ከማል ታመመ፣ በአሥራ አምስት ቀን አለፈ። እናቴ ናት ያስታመመችው፤ ራሱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነው የሄደው። ስለ ሥዕሉ አንዲት ቃል አልተነጋገሩም። "ሲሻለው ብዬ ነበር" አለችኝ በቀብሩ ማግስት፤ ከዚያ በኋላ እስከዚያች ባጃጅ ድረስ ሥዕሉን አንስታው አታውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ሙዚየም ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራው ሌላ ኮሚቴ ይቋቋማል። ውስጡን ዞርኩት። ሸክላው አለ፣ ቀንድ ዋንጫው አለ፣ የእንሰት መፋቂያው አለ። የከማል ሥዕል የለም። ኃላፊው ዘንድ ገባሁ፤ አቶ ደሳለኝ ይባላሉ፣ ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ጨዋ ሰው ናቸው። ያስቸገረኝም ጨዋነታቸው ነው፤ ክፉ ሰው ቢሆኑ ተሳድቤ እገላገል ነበር።

"ሥዕሉ ለእይታ ከቀረቡት ውስጥ አይደለም። ክምችት ክፍል ነው ያለው" አሉኝ።

"እንግዲያው አንድ ጊዜ ይውጣልን።"

"ዕቃ አይወጣም። ሰው ነው የሚገባው። ሰው እንዲገባ ደግሞ ቅጽ ይሞላል፣ ማመልከቻ ይያያዛል።"

ቅጹ ለተመራማሪዎች የተዘጋጀ ነው። የጥናቱ ርዕስ ይላል፤ "እናቴ" ብዬ ጻፍኩ። የአማካሪው ስም ይላል፤ የዓይን ሐኪሙን ስም ጻፍኩ። የጥናቱ ጠቀሜታ ለኅብረተሰቡ ይላል፤ እዚህ ላይ እስክሪብቶዬን ነክሼ ቆየሁና ባዶውን ተውኩት። አቶ ደሳለኝ አነበቡት። "አማካሪዎ ሐኪም ናቸው?" አሉ። "ያማከረኝ እሱ ነው" አልኩ። አልሳቁም። ቅጹን አስቀምጠው ማመልከቻውን ያምጡ አሉኝ።

ማመልከቻዬን ያጻፍኩት ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ጸሐፊዋ "ቶሎ በል፣ መብራት ሊሄድ ነው" ትለኛለች፤ እኔ ቃል እየመረጥኩ አስጽፋታለሁ። እናቴ የዓይን ሕመምተኛ መሆኗን፣ ሥዕሉን የሳለው ልጇ መሆኑን ዘርዝሬ "ሥዕሉን ቀረብ ብለን አይተን እንድንመለስ በትሕትና እጠይቃለሁ" ብዬ ደመደምኩ። መብራቱ ሳይሄድ ታተመ። አንዲት መጋረጃ ለመቅደድ ሦስቴ የምለካ ሰው ሳላነበው ፈረምኩ።

ሁለት ሳምንት ዝም ተባለ። በዚያ ጊዜ የእናቴን ዓይን የምንለካው በእጃችን ነበር። መጀመሪያ ስትመጣ መዳፌን ስንዝር ያህል ከፊቷ ሳርቀው ጣቶቼን ትቆጥር ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ከስንዝር ዝቅ አለ። ጠዋት ጠዋት "እስቲ እጅህን" ትለኛለች፤ እዘረጋለሁ፤ "አምስት" ትላለች። አንዳንዴ ሁለት ብቻ ዘርግቼም አምስት ትለኛለች። ልክ ነሽ እላታለሁ።

ከዚያ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ መጣ። ጉዳዩ፦ የባለቤትነት ጥያቄዎን ይመለከታል ይላል። ማክሰኞ በሦስት ሰዓት ኮሚቴ ፊት እንድቀርብ ተጠርቻለሁ። የማን ባለቤትነት ብዬ ሄድኩ። አቶ ደሳለኝና ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አንደኛው የሕግ ባለሙያ ነው ተባልኩ።

"ሥዕሉ በስጦታ የገባ ነው። በምን መነሻ ነው እንዲመለስ የጠየቁት?" አለኝ የሕግ ባለሙያው።

"እኔ አልጠየቅሁም። እኛ ነን የምንመለሰው።"

"ከየት?"

"ከዚህ ነዋ። አይተን ወደ ቤታችን።"

ማመልከቻዬን አዙሮ አሳየኝ። "አይተን እንዲመለስ በትሕትና እጠይቃለሁ" ይላል። ጸሐፊዋ መብራቱን ስትሽቀዳደም "እንድንመለስ" የምትለዋን ወደ "እንዲመለስ" ቀይራታለች። አንዲት ፊደል ወጥታ ሌላዋ እግሯን ብታነሳ፣ እኔና እናቴ ከዓረፍተ ነገሩ ወጥተን ሥዕሉ ብቻውን ተመላሽ ሆኗል። የአፍ ወለምታ በቅቤ ካልታሸ የፊደል ወለምታ በምን ይታሻል?

"የጽሕፈት ስህተት ነው" አልኩ።

"ይሆናል። ግን መዝገብ ላይ ጥያቄ ሆኖ ገብቷል፤ ጥያቄ ያለበት ዕቃ ደግሞ ለማንም አይታይም። ጥያቄውን ማንሳት አለብዎት" አለ የሕግ ባለሙያው።

"አነሳሁት።"

"ለማንሳት መጀመሪያ የመጠየቅ መብት እንዳለዎት ያስረዱ። ወራሽ መሆንዎን የሚገልጽ ማስረጃ ይምጣ።"

ገባችሁ? ያልጠየቅሁትን ጥያቄ ለመተው፣ መጠየቅ እችል እንደነበር ማስመስከር አለብኝ። በሱቅ ቋንቋ ልንገራችሁ፤ ያልገዛኸውን ዕቃ ለመመለስ ደረሰኝ አምጣ እንደማለት ነው። አቶ ደሳለኝ እስከ በሩ ሸኙኝ። "ይቅርታ፣ እኔ ብቻዬን ብሆን..." አሉና አልጨረሱትም።

የወራሽነት ማስረጃ የሚወጣው ቡታጅራ ነው። እናቴን ይዤ ሄድኩ፤ ዋነኛዋ ወራሽ እሷ ናትና። ቀበሌ ሄድን፣ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሄድን፣ ምስክር ፍለጋ ሄድን። ምስክሮቹ የአባቴ ወዳጆች ናቸው፤ ከማልን ሁሉም ያውቁታል፣ ሁሉም ግን "የሞተበትን ቀን" ሲባሉ እርስ በርሳቸው ይከራከራሉ። አንዱ ሐሙስ ነው ይላል፣ አንዱ ዓርብ ነው ይላል። እናቴ ሰማቻቸውና "ሐሙስ ነው፤ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ" አለች። ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረም።

ቅጹ ላይ "ከሟች ጋር ያለው ዝምድና" የሚል ቦታ አለ። ስቀልድ የኖርኩት ሰውዬ እዚያች መስመር ላይ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ወንድም ብሎ መጻፍ ምን ያስቸግራል? ጻፍኩት፣ ሰረዝኩት፣ እንደገና ጻፍኩት፤ ጸሐፊው "አትሰርዝ፣ ሥርዝ ድልዝ አንቀበልም" ብሎ አዲስ ቅጽ ሰጠኝና ወንድሜን ሁለተኛ ጊዜ ሟች አልኩት። እናቴ ተራዋ ሲደርስ "የት ላይ ነው?" ብላ እስክሪብቶውን ይዛ ጎንበስ አለች። ፊርማዋ ከወረቀቱ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ አለቀ። በአውራ ጣቷ አስፈረሟት።

ማስረጃውን ይዘን ወልቂጤ ስንገባ መስቀል ደርሷል። በመስቀል ሰሞን በጉራጌ ምድር ቢሮ የሚፈልግ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ እኔ ነኝ። ፋይሌን የያዘው የሕግ ባለሙያ ቸሃ ነው፣ አባቱ ቤት፣ ክትፎው ጋ። አልፈርድበትም፤ እናቴም ባትታመም እኔም ጎረቤቶቼ ቤት ነበርኩ። አሥር ቀን ጠበቅን። በአሥሩ ቀን ውስጥ የእናቴ ዓይን የሚያየው ከአራት ጣት ርቀት ብቻ ሆነ። አንድ ጠዋት "እስቲ እጅህን" ማለቷን ተወች። እኔም አልጠየቅኋት።

በመጨረሻ ተፈቀደ። ማክሰኞ በአራት ሰዓት ለግማሽ ሰዓት ተባለ። እናቴ ለኢድ የምትለብሰውን ለበሰች። ሽቶ ተቀባች። "ለሥዕል ነው እንዴ ሽቶ?" አልኳት። "ለልጄ ነው" አለች።

የክምችት ክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ አሰለፈች የሚባሉ፣ ነጭ ጓንት ያጠለቁ፣ ቁልፍ በአንገታቸው ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። እናቴ "አሰላሙ አለይኩም" ስትል "ወአለይኩም ሰላም እናቴ፣ ይግቡ" አሉ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መደርደሪያ፣ ሳጥን፣ የብል መድኃኒት ሽታ። ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ተለጥፏል። "ከመስመሩ ማለፍ አይፈቀድም፤ አንድ ሜትር ነው። መንካት የለም፣ ስልክ የለም" አሉን። ከመደርደሪያው አንድ ጥቅል አወጡ። መጠቅለያው አረንጓዴ ነው። ጨርቄን አወቅሁት። ከስድስት ዓመት በፊት "ቆይ መጣሁ" ብዬ የወረወርኩት ጨርቅ፣ ያው ጠርዙ ሳይዘመዘም ቀርቶ ተተልትሏል።

ፈትተው ቆመው ያዙልን። እናቴ ቢጫው መስመር ላይ ቆማ አንገቷን ወደ ፊት አሰገገች። ጠበቅን። ቆየችና በትሕትና "ጨርቁን አላነሳችሁትም እንዴ?" አለች።

ጨርቁ ከተፈታ ቆይቷል። ሦስት ወር የሄደብን ለዚያች አንድ ሜትር ነበር።

ወይዘሮ አሰለፈች ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ፣ ከግድግዳው ጋር አስደግፈው አቆሙት። መዝገባቸውን አንስተው "እኔ መዝገብ ስሞላ ወደ ግድግዳው ዞሬ ነው የምሞላው፣ ብርሃኑ እዚያ ይሻለኛል" አሉ። ግድግዳው ጋ ብርሃን የለም። ዞሩ።

እናቴን ይዤ መስመሩን ተሻገርን። ሁለት እጇን ከኋላዋ አቆላለፈች፣ እንዳትነካ። ከዚያ ፊቷን አስጠጋች፤ በአፍንጫዋና በሥዕሉ መካከል ሦስት ጣት ቢገባ ነው። ከላይ ከጥጉ ጀመረች። ቀስ እያለች ወደ ታች ወረደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ወጣች፤ ምንጣፍ ላይ የወደቀ መርፌ የምትፈልግ ትመስል ነበር።

"ፊቴ የት አለ?" አለችኝ።

ያኔ ነው እኔም ዓይኔን ከእሷ አንስቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥዕሉን ያየሁት። አፈር መንገድ አለ። ግራና ቀኙ እንሰት ነው። መሐሉ ላይ አንዲት ሴት ትሄዳለች፤ ቀይ ሻሽ አስራለች፣ ትከሻዋ ላይ ጆንያ ጥላለች። ጀርባዋን ሰጥታናለች። ፊት የለም። ጥርስ የለም።

"እማ" አልኩ። "ፊትሽ የለም። ከኋላሽ ነው የሳለሽ።"

"ከኋላዬ?"

"ቃልሽን ጠብቋል። ጥርስሽን የጨመርኩት እኔ ነኝ። አላየሁትም ነበር፣ ቀልዴን ነው።"

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትቆጣኝ ምን ነበረበት? እሷ ግን ፊቷን ከሥዕሉ አላነሳችም። ትንፋሿ ቀለሙ ላይ ሲያርፍ ይታየኝ ነበር። ጆንያው ላይ ስትደርስ ቆመች።

"ባዶ ነው" አለች።

"ምኑ?"

"ጆንያው። ታጥፏል። ሸጬ ስመለስ ነው።" ፊቷን ከጆንያው ሳታነሳ ቀጠለች። "ሥዕል ልማር ብሎ የለመነኝ ቀን ነው። እንሴኖ ድረስ መጣ። ከገበያው እስከ መሳፈሪያው እማ፣ እማ እያለ ከኋላዬ ተከተለኝ። ተቆጥቼ አልዞርኩም። እሱ ከዚያ ሆኖ ነው የሚያየኝ።" በአገጯ ወደቆምንበት አመለከተች። "እዚህ ነበር የቆመው።"

እኔ አለቀስኩ። ደንበኛ ፊት አልቅሼ አላውቅም፤ ወይዘሮ አሰለፈች ደንበኛ አይደሉም ብዬ አለቀስኩ። እሳቸውም መዝገቡ ላይ ብዙ ነገር የሚጻፍ ይመስል ሳይዞሩ ቆዩ። ግማሽ ሰዓቱ አልፎ ነበር፤ ማንም ሰዓቱን አላነሳም።

ስንጨርስ መዝገቡን ሰጡኝ። ስም፣ ቀን፣ የታየው ዕቃ፣ አስተያየት ይላል። "ምን ልጻፍ እማ?" አልኳት። "አይተን ተመለስን በል" አለች። ጻፍኩና ፊደል በፊደል አነበብኩት። ሁለተኛም አነበብኩት።

ወይዘሮ አሰለፈች ሥዕሉን በአረንጓዴው ጨርቅ ጠቅልለው ወደ ቦታው መለሱት፣ በሩን ቆለፉት። እናቴን በክንዷ ይዤ ኮሪደሩን ወጣን፣ ግቢውን አቋረጥን። ጥበቃው የብረት በሩን ሲከፍትልን እናቴ ድንገት ቆመች። ክንዷን ከእጄ አውጥታ ወደመጣንበት ዞረች። ከዚያ ርቀት እንኳን የተዘጋ በር ሕንጻው ራሱ አይታያትም። እንደዚያው ቆማ ቆየች።

"ምነው እማ? የረሳሽው ነገር አለ?" አልኳት።

"የለም" አለችኝ። "ዞርኩለት።"